በፀሐዩ ፀ ነው ወይስ በጸሎቱ ጸ? የካርድ ክፍል ዳታቤዝ አያያዝ

ከቆላ ድባ የመጡ አንድ አባት ማለዳ የክሊኒካችን ካርድ ክፍል መስኮት ጋ ቆሙ። ፀጋዬ እንበላቸው፤ እውነተኛ ስማቸው ሌላ ነው። ካርድ እንዳላቸው ነገሩኝ። ፈለግሁ፣ የለም። «አባባ፣ ስምዎ በየትኛው ፀ ነው የሚጻፈው?» አልኳቸው። «ልጄ፣ እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። አንቺ እንደሰማሽ ጻፊው» አሉኝ።

በጸሎቱ ጸ ስፈልግ አንድ ካርድ መጣ። መጨረሻ ላይ ያለውን ዬ ወደ የ ስቀይረው ሌላ ካርድ መጣ። ሦስተኛው ደግሞ የአባታቸው ስም ከራሳቸው ስም ጋር ተጣብቆ ነበር። አንድ ሰው፣ ሦስት ካርድ። ፔኒሲሊን እንደማይስማማቸው የተጻፈው ግን አንዱ ካርድ ላይ ብቻ ነው። ደግነቱ ሐኪሙ ጋ ሳይገቡ አየሁት።

ዳታቤዙ አልተሳሳተም። በፀሐዩ ፀ ጠየቅሁት፣ በፀሐዩ ፀ የተጻፈውን ብቻ ፈለገ። ለእኛ ጆሮ አንድ የሆነው ድምፅ ለእሱ ሁለት የተለያየ ኮድ ነው። ያልጠየቅነውን አይመልስም፣ ያሰብነውን አያውቅም። ከዚያ ቀን ወዲህ ሥራዬን የምሠራው ይህን አስቤ ነው።

ሙያዬ የጤና መረጃ ቴክኒሻን ነው። ጎንደር፣ ከፒያሳ ብዙም በማይርቅ የግል ክሊኒክ ውስጥ የካርድ ክፍሉን ዳታቤዝ የምይዘው እኔ ነኝ። የምንጠቀመው ፖስትግሬስ የሚባለውን የዳታቤዝ ፕሮግራም ነው። ማይኤስኪውኤል የምትጠቀሙም አብዛኛው ይሠራላችኋል፤ አንዳንድ ትዕዛዝ ብቻ ይለያል። ትዕዛዞቹን እንደምንጠራቸው በፊደላችን ጽፌያቸዋለሁ፤ ስትተይቡ ወደ እንግሊዝኛው መልሷቸው። የሠንጠረዥና የዓምድ ስም ግን በአማርኛም ይቀበላል። ርዝመቱ ብቻ ከ63 ባይት እንዳያልፍ። አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ስለሚይዝ እስከ 21 ፊደል ማለት ነው።

መጀመሪያ ያለውን እዩ

አንድ ዳታቤዝ ስትረከቡ ምንም ከመንካታችሁ በፊት እያንዳንዱ ዓምድ ውስጥ ምን ምን እንዳለ ቁጠሩ። እኔ የጀመርኩት በከተማ ነው፤ በየከተማው ስንት ታካሚ እንዳለ ከብዙው ጀምረህ ቁጠር ማለት ነው፦

ሴሌክት ከተማ, ካውንት(*) ፍሮም ታካሚ ግሩፕ ባይ ከተማ ኦርደር ባይ 2 ዴስክ;

የራሳችን ከተማ በአራት መልክ ወጣች። ጎንደር፣ ጐንደር፣ ከኋላው ባዶ ቦታ ያለው ጎንደር፣ እና በላቲን ፊደል የተጻፈ። እስከዚያ ድረስ ለኃላፊዎች የምንሰጠው የከተማው ታካሚ ቁጥር ከአራቱ የአንዱ ብቻ ነበር። ማንም ልብ አላለውም፤ ወረቀቱ ላይ ቁጥር እስካለ ድረስ ሰው ያምናል።

የባዶ ቦታውን «ትሪም» ያጠፋዋል። የከተማ፣ የወረዳና የቀበሌ ስም ግን በእጅ መጻፍ የለበትም። የራሱ ሠንጠረዥ ይኑረው፤ መዝጋቢው ከዝርዝር ይምረጥ። ወገራ፣ ደምቢያ፣ ጭልጋ አንድ ጊዜ በትክክል ይጻፉና አለቀ። አንድን ነገር አንድ ቦታ ብቻ ጽፎ ከሌላው ጋር በቁጥር ማገናኘት፣ የዚህ ዓይነት ዳታቤዝ ዋና ጥበቡ ይሄ ነው። ኤድጋር ኮድ ሐሳቡን ያሳተመው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1970 ነው። ዛሬም የእኔን የካርድ ክፍል የሚያድነው እሱ ነው።

ስም

ስም ከዝርዝር አይመረጥም። የሰው ስም የራሱ ነው፤ በንጉሡ ሠ የሚጽፍን ሰው በእሳቱ ሰ ጻፍ ማለት አልችልም። ስለዚህ የተጻፈውን ስም አልነካም። ከጎኑ ለፍለጋ ብቻ የሚያገለግል ሌላ ዓምድ አደርጋለሁ። እዚያ ውስጥ ድምፃቸው አንድ የሆኑ ፊደላት ሁሉ ወደ አንድ ይመጣሉ። ፖስትግሬስ ለዚህ «ትራንስሌት» የሚባል ፈንክሽን አለው፤ ፊደልን በፊደል ይተካል፦

ትራንስሌት(ስም, 'ሐሑሒሓሔሕሖ', 'ሀሁሂሀሄህሆ')

ልብ በሉ፣ ራብዑ ሓ ወደ ሀ ነው የሄደው። እኛ ስንናገር ሀ እና ሃ አንድ ስለሆኑ። ለብዙኃኑ ኀ እንደዚሁ አድርጉ። ተራውን ሃም ወደ ሀ፣ ኣንም ወደ አ መልሱ። ከዚያ ንጉሡ ሠ ወደ እሳቱ ሰ፣ ዐይኑ ዐ ወደ አልፋው አ፣ ፀሐዩ ፀ ወደ ጸሎቱ ጸ፣ ሁሉንም ሰባቱን ቤት። ጐን ወደ ጎ፣ ቈን ወደ ቆ፣ ኰን ወደ ኮ። በእኛ አካባቢ ፀጋዬን ፀጋየ ብሎ የሚጽፍ ብዙ ስለሆነ ዬንም ወደ የ እመልሳለሁ። ለፍለጋ ብቻ ስለሆነ ማንንም አይጎዳም።

ሁለት ጥንቃቄ። አንደኛ፣ ሁለቱ የፊደል ረድፎች እኩል ይሁኑ። ሁለተኛው ካጠረ ትርፍ የሆኑት ፊደላት ከስሙ ይሰረዛሉ፤ ስህተት ነው ብሎ አይነግራችሁም። ሁለተኛ፣ በአማርኛ ኪቦርድ ስትጽፉ ነጠላ ሰረዛችን «፣» ትዕዛዝ ውስጥ አይሠራም። የእንግሊዝኛው ኮማ ነው የሚፈለገው። አዲስ የመጣ ሰው ግማሽ ቀኑን የሚያጠፋው እዚህ ላይ ነው።

ቀጥሎ ክፍት ቦታውን በ«ሪፕሌስ» አጥፉት። ኃይለ ማርያም እና ኃይለማርያም አንድ ይሆናሉ። «ሪያ»ን ወደ «ርያ» ከመለሳችሁ ማሪያምም ይገባል። አጽሕሮት ላይ ግን ቁሙ። ገ/ ገብረ ነው፣ ኃ/ ኃይለ ነው። ወ/ማርያም ግን ወልደ ማርያምም ወለተ ማርያምም ሊሆን ይችላል። እሱን ለማሽን አትስጡት፣ ሰውየውን ጠይቁ።

ይህን ሁሉ አንድ ፈንክሽን ውስጥ አድርጉትና «ኢሚዩተብል» በሉት፤ ለአንድ ዓይነት ስም ሁሌም አንድ ዓይነት መልስ ይሰጣል ማለት ነው። ከስሪት 12 ጀምሮ ፖስትግሬስ ከሌላ ዓምድ ተሰልቶ ራሱን የሚሞላ ዓምድ ስላለው፣ መፈለጊያ ስሙ መዝጋቢው ምንም ሳያደርግ ይሞላል። በላዩ ላይ ኢንዴክስ (እንደ መጽሐፍ ማውጫ ፍለጋን የሚያፋጥን) ይጨመርበት። መስኮቱ ላይ የሚተየበውም ስም በዚያው ፈንክሽን አልፎ ይፈለግ። ይህን ከረሳችሁ ልፋቱ ሁሉ ከንቱ ነው።

ደግሞም የራስ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም ሦስት ዓምድ ይሁኑ። ከውጭ የመጣ ፕሮግራም ብዙ ጊዜ ሁለት ቦታ ብቻ አለው። ያን ጊዜ አንዱ መዝጋቢ ሁለተኛው ላይ የአባት ይጽፋል፣ ሌላው የአያት። በኋላ ማንም አይለየውም።

ሦስቱን ካርድ አንድ ማድረግ

የተደገሙትን ለማግኘት በመፈለጊያ ስም፣ በአባት፣ በአያት እና በፆታ ግሩፕ አድርጉና «ሃቪንግ ካውንት(*) > 1» በሉ። የሚወጣው ዝርዝር የጥርጣሬ ነው፣ ፍርድ አይደለም። ስማቸው እስከ አያት የሚገጥም ሁለት የተለያዩ ሰዎች አሉን፤ አንዷ ከአዘዞ፣ አንዷ ከማክሰኝት። እኛ ዘንድ ዝርዝሩን የምትመለከተው ከወረቀት ዘመን ጀምሮ ካርድ ክፍል የሠራች ታላቅ ባልደረባችን ናት፣ እትዬ ነው የምንላት። ስልክ ትደውላለች፣ ቀበሌ ትጠይቃለች፣ የልጅ ስም ትጠይቃለች። እሷ አንድ ናቸው ካላለች አላዋህድም።

አንድ ናቸው ከተባለ በኋላ፣ በመጀመሪያ የሚዋሃደው ካርድ፣ 7719 እንበል፣ ስንት ጉብኝት እንዳለው እቆጥራለሁ፦

ሴሌክት ካውንት(*) ፍሮም ጉብኝት ዌር ካርድ = 7719;

6 አለኝ እንበል። ወረቀት ላይ 6 ብዬ እጽፋለሁ። ከዚያ ወደሚቀረው ካርድ፣ ወደ 1042፣ አዛውራለሁ፦

ቢጊን;
አፕዴት ጉብኝት ሴት ካርድ = 1042 ዌር ካርድ = 7719;

መልሱ «አፕዴት 6» ከሆነ፣ አንድ ጊዜ በሴሌክት አይቼ «ኮሚት» እላለሁ፤ ለውጡ ይጽና ማለት ነው። 7 ወይም 600 ካለ «ሮልባክ»፣ ምንም እንዳልተደረገ ይሆናል። የመድኃኒት አለርጂውም፣ የላቦራቶሪ ውጤቱም በዚሁ መንገድ ይዛወራል፤ ሁሉም በአንድ ቢጊን ውስጥ። አሮጌውን ካርድ አልሰርዘውም። «ተዋህዷል ወደ» የሚል ዓምድ አለኝ፣ እዚያ 1042 እጽፋለሁ። ያ ሰው የድሮውን ወረቀት ኪሱ ውስጥ ይዞ ከዓመት በኋላ ሊመጣ ይችላላ።

ፎሪን ኪይ (አንዱን ሠንጠረዥ ከሌላው ጋር የሚያስር ደንብ) ካላችሁ ጉብኝት ያለውን ታካሚ ልሰርዝ ብትሉ ዳታቤዙ ራሱ ይከለክላችኋል። ይህ ጥበቃ ነው፣ አታንሱት። «ኦን ዴሊት ካስኬድ» የሚል የተጻፈበት ከሆነ ግን ታካሚውን ስትሰርዙ ጉብኝቱም አብሮ ይሄዳል። በሕክምና መዝገብ ላይ እኔ በፍጹም አልጠቀምበትም።

ቢጊን ብላችሁ ቡና ልትጠጡ አትውጡ። ያዛችሁት ረድፍ እስክትመለሱ ተቆልፎ ይቆያል፤ መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ ማስቀመጫውን ተጭና ትጠብቃለች፣ ሰልፉም ይረዝማል።

ይህን ሁሉ ጥንቃቄ የተማርኩት በውድ ዋጋ ነው። በሥራው በሁለተኛ ዓመቴ የአንድ ሰው ስልክ ቁጥር ላስተካክል ትዕዛዙን ጻፍኩ። የምጠቀምበት መሣሪያ በማውስ የተመረጠውን ጽሑፍ ብቻ ነው የሚያስኬደው። እኔ የመጀመሪያውን መስመር ብቻ መርጬ ነበር፤ የማን ቁጥር እንደሚቀየር የሚለየው «ዌር» ያለው መስመር ከምርጫው ውጭ ቀረ። መልሱ ከ14 ሺህ በላይ አለ። የክሊኒኩ ታካሚ ሁሉ የአንድ ሰው ስልክ ያዘ። እጄ ቀዘቀዘ። ቢጊን አላልኩም ነበርና ሮልባክ የለም።

ያዳነኝ የሌሊቱ ባክአፕ (መጠባበቂያ ቅጂ) ነው። እንዲህ ዓይነት ነገር ከደረሰባችሁ ባክአፑን በሥራ ላይ ባለው ዳታቤዝ ላይ አትጫኑት፤ ከጠዋት ጀምሮ የተመዘገበው ሁሉ ይጠፋል። መጀመሪያ የቀጠሮ መልእክት የሚልከውን ፕሮግራም አስቆምኩ። ባክአፑን በሌላ ስም አዲስ ዳታቤዝ ላይ መለስኩት። ከዚያ የካርድ ቁጥርና ስልክ ብቻ ወደ አንድ ጊዜያዊ ሠንጠረዥ አመጣሁ፣ በካርድ ቁጥር አገናኝቼ የስልኩን ዓምድ ብቻ መለስኩ። በዚያ ቀን የተመዘገቡትን ከወረቀት እንደገና ጻፍን። እትዬ ከእኔ ጋር አመሸች።

ዜሮ ሲመጣ አትደሰቱ

የስኳርና የደም ግፊት ክትትል ያላቸው፣ ቀጠሮ አልፏቸው ያልመጡ ሰዎችን እየፈለግን እንደውላለን። ጥያቄው እንዲህ ነበር፤ ቀጠሮ ካላቸው ውስጥ ካርዳቸው በዚህ ወር ጉብኝት ውስጥ የሌለውን አምጣ። «ኖት ኢን» ነው የተጠቀምኩት። ውጤቱ ዜሮ። ሁሉም መጥተዋል ብለን ደስ አለን። ነርሷ ግን «ኧረ እኔ የማውቃቸው ሁለት እናቶች ቀርተዋል» አለች።

ጉብኝት ሠንጠረዥ ውስጥ ሌሊት በድንገተኛ የመጣ፣ ካርድ ያልወጣለት አንድ ሰው ነበር። የካርድ ቁጥሩ ቦታ «ነል» ነው። ነል ዜሮ አይደለም፣ ባዶ ጽሑፍም አይደለም፤ አይታወቅም ማለት ነው። ዳታቤዙ እያንዳንዱን ታካሚ ሲመረምር «1042 ከማይታወቀው ቁጥር ይለያል ወይ?» ብሎ ራሱን ይጠይቃል። መልሱ አይታወቅም። እርግጠኛ ያልሆነውን ደግሞ ውጤት ውስጥ አያስገባም። አንድ ነል ሁሉንም ሰው ከዝርዝሩ አስወጣ።

አሁን የምጽፈው በ«ኖት ኤግዚስትስ» ነው፦

ሴሌክት ካርድ ፍሮም ቀጠሮ ቀ ዌር ቀ.ቀን < ከረንት_ዴት ኤንድ ኖት ኤግዚስትስ (ሴሌክት 1 ፍሮም ጉብኝት ጉ ዌር ጉ.ካርድ = ቀ.ካርድ ኤንድ ጉ.ቀን >= ቀ.ቀን);

ይህ በነል አይታለልም። ሌላም ቦታ ተጠንቀቁ። «ከተማ <> 'ጎንደር'» ብላችሁ ብትጠይቁ ከተማቸው ያልተጻፈላቸው ሰዎች አይመጡም። «ካውንት(ስልክ)» ስልክ ያላቸውን ብቻ ይቆጥራል፤ «ካውንት(*)» ግን ሁሉንም። ስልክ የሌላቸውን ለማወቅ ሁለቱን መቀነስ ነው።

ጥቅምት 30 የት ሄደ?

የእኛን ቀን እንዳለ የዴት (የፈረንጅ ቀን) ዓይነት ዓምድ ውስጥ የሚከት ፕሮግራም አጋጥሞኛል። ጥቅምት ሁለተኛ ወራችን ነው። ኮምፒውተሩ ሁለተኛ ወር ሲባል ፌብሩዋሪ መስሎት 30ን አይቀበልም። ጳጉሜን ደግሞ አስራ ሦስተኛ ስለሆነች ጭራሽ አያውቃትም። መዝጋቢዎቹ ቀኑን እስኪቀበላቸው ድረስ ዝቅ አድርገው እየጻፉ ያልፉት ነበር። ከዚህ የባሰው የማይታየው ስህተት ነው። ከጥር 30 እስከ የካቲት 1 አንድ ቀን ነው። አምስተኛው ወር 31 ቀን ያለው ሜይ ነው ብሎ የሚያስብ ኮምፒውተር ሁለት ቀን ይላችኋል። የመድኃኒት ቀን ስትቆጥሩ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ዳታቤዙ ውስጥ የፈረንጁ ቀን ይቀመጥ። ሰው የሚያየውና የሚጽፈው የእኛው ይሁን፤ ቅየራውን ፕሮግራሙ ይሥራው። ዕድሜያቸውን በግምት ለሚነግሩን ደግሞ «ግምት» የሚል የአዎ ወይም የአይ ዓምድ ከልደት ቀኑ ጎን አድርጉ።

የሌሊት ተረኛ ያላችሁ አንዲት ብልሃት ልንገራችሁ። ኮምፒውተሩ ቀን የሚቀይረው ከሌሊቱ 6 ሰዓት ነው። ስለዚህ የአንድ ሌሊት ተረኛ ሥራ ለሁለት ቀን ይከፈላል። በቀን ከመቁጠራችሁ በፊት ከተመዘገበው ሰዓት ላይ 6 ሰዓት ቀንሱ። የእኛ ቀን ከንጋቱ 12 ሰዓት ስለሚጀምር ሌሊቱ ሙሉ ከዋዜማው ቀን ጋር ይሄዳል። በጥምቀት ሰሞን ከተማው በእንግዳ ሲሞላ፣ የጥር 10 ሌሊት ስንት ሰው እንዳስተናገድን በትክክል ያወቅነው በዚህ መንገድ ነው።

ሲዘገይ

ጥያቄው ፊት «ኤክስፕሌን» ብላችሁ እዩት፤ ዳታቤዙ መልሱን በምን መንገድ እንደሚፈልግ ያሳያችኋል። ትልቅ ሠንጠረዥ ላይ «ሴክ ስካን» ካለ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እያነበበ ነው። ፖስትግሬስ ፎሪን ኪይ ስታደርጉ በሚያመለክተው ዓምድ ላይ ኢንዴክስ ራሱ አይሠራም፤ ጉብኝት ላይ ለካርድ ዓምድ እኔው ስጨምርለት የታካሚ ታሪክ ወዲያው መከፈት ጀመረ። «ኤክስፕሌን አናላይዝ» ግን ጥያቄውን በእርግጥ ያስኬደዋል። ዴሊት ፊት ከጻፋችሁት ይሰርዛል።

ስለ ፈቃድ ባጭሩ። አንድ የይለፍ ቃል ለሁሉም አይሆንም። ሪፖርት የሚያወጣው ሰው ሴሌክት ብቻ ይፈቀድለት፤ የገንዘብ ክፍሉ ምርመራ ውጤት ማየት የለበትም። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። ባይወጣም ግን የሰው በሽታ የሰው ምስጢር ነው።

ባክአፕ

መብራት በድንገት ሲሄድ ፖስትግሬስ ብዙ ጊዜ አይጎዳም። ማንኛውንም ለውጥ መጀመሪያ ማስታወሻ መዝገቡ ላይ ስለሚጽፍ፣ ሲነሳ ከዚያ አንብቦ ኮሚት የተባለውን ይመልሳል። ፍጥነት ይጨምራል ብሎ «ኤፍሲንክ»ን (ለውጡ ዲስኩ ላይ በእርግጥ እንዲጻፍ የሚያደርገውን) አጥፉ የሚላችሁን ሰው አትስሙ፤ ያ ዋስትና የሚቆመው በእሱ ነው። ዩፒኤስም (መብራት ሲሄድ የሚተካ ባትሪ) ይኑራችሁ፤ ኮምፒውተሩን በሥርዓት ለማጥፋት የሚበቃ ጊዜ ይሰጣችኋል።

በየሌሊቱ ባክአፕ የሚያወጣው «ፒጂ ደምፕ» ይሠራል። ሰው እየሠራበት እንኳ የአንዲት ቅጽበትን ሙሉ ምስል ነው የሚያነሳው። አንዱ ቅጂ ክሊኒኩ ውስጥ፣ አንዱ ተቆልፎ ቢሮ፣ አንዱ በይለፍ ቃል ተመስጥሮ አዘዞ ይቀመጣል። ሁለተኛ ሰርቨር እየተከተለ ይገለብጣል ብላችሁ አትተኙ። የእኔ ዓይነት ስህተት ሲሠራ እሱም ወዲያው ይገለብጠዋል። ደግሞ ፒጂ ደምፕ ተጠቃሚዎችንና የይለፍ ቃላቸውን አይዝም። ለእነሱ «ፒጂ ደምፕ ኦል» በ«ግሎባልስ ኦንሊ» ይሠራል።

በወር አንድ ጊዜ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ሥራ ሲቀዘቅዝ፣ ያረጀ ላፕቶፕ አለኝ፣ ባክአፑን እሱ ላይ እመልሰዋለሁ። ታካሚ እቆጥራለሁ። የመጨረሻው ጉብኝት የትናንት መሆኑን አያለሁ። ኢንኮዲንጉ ተበላሽቶ ግዕዙ የጥያቄ ምልክት እንዳልሆነም አያለሁ። ከዚያ መፈለጊያው ላይ ፀጋዬ ብዬ እጽፋለሁ፣ ጸጋዬ ብዬ እጽፋለሁ፣ ጸጋየ ብዬ እጽፋለሁ። ሦስቱም ጊዜ ካርድ 1042 መምጣት አለበት፤ ፔኒሲሊን የሚለው ቀይ ጽሑፍም አብሮት።